ከኦሊምፒክ ስንቀር ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? (ስፖርትና ፖለቲካ በኢትዮጵያ)

የካታንጋ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ "ስፖርትን ከፖለቲካ ለዩልን" የሚል አስተያየት ሲመላለስ አየሁ። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን የአገራችንን የስፖርት ታሪክ ሳየው ሁለቱ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? አትሌቶቻችን በብዛት የሚሮጡት ለመከላከያ፣ ለፌዴራል ፖሊስ፣ ለማረሚያ ቤቶች፣ ለንግድ ባንክ፣ ለመብራት ኃይል ነው። ደሞዙ የመንግሥት፣ ትራኩ የመንግሥት። አበበ ቢቂላ ራሱ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፎ በመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የታህሳሱ ግርግር ተነሳ። አለቆቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ እሱም ታስሮ ተፈታ። (ኦሊምፒኩን ለመከተል እንዲመች ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስለዚህ "ይለያዩ ወይስ አይለያዩ" የሚለው ክርክር ብዙ አይወስደኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መንግሥት በስፖርት ስም ውሳኔ ሲወስን ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ከ1976 እስከ 1988 አራት ኦሊምፒኮች ተካሂደዋል። ኢትዮጵያ የተገኘችው በአንዱ ብቻ ነው፤ በሞስኮ። ሞንትሪያል፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሴኡል ላይ የለንም። ሦስቱን በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግን ልክ አይመስለኝም። ሞንትሪያልን የተውነው ለአፓርታይድ ብለን ነው። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወት ነበር፤ የሶዌቶ ልጆች በጥይት በተቆሉበት በዚያው ሰሞን። አፍሪካውያን ኒውዚላንድ ትታገድ አሉ። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ "ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም" ብሎ እምቢ አለ። ወደ 30 የሚጠጉ አገሮች ጥለው ወጡ።

ሎስ አንጀለስን የተውነው ሶቪየት ስለቀረች ነው። ሴኡል ግን የባሰ ነው። ሰሜን ኮሪያ ውድድሩን አብሬ ላዘጋጅ ብላ ስላልተፈቀደላት ቀረች። እኛም ከእሷ ጋር ቀረን። ሶቪየት ኅብረት ራሷ ሴኡል ሄዳለች! ቻይናም ሄዳለች! ከፒዮንግያንግ ጎን የቀረነው እኛና ኩባን የመሳሰሉ ጥቂት አገሮች ነን። በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የሞቱት ደግሞ ለደቡቡ ሲዋጉ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጠ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። 10 ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። የሴኡልን ማራቶን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2:10:32 ወሰደው። በላይነህ በዚያን ቀን እዚያ መሆን ነበረበት። እስቲ ተወያዩበት።

ሰናይት ለ.

ጥሩ ክር ነው። በሴኡል እስማማለሁ፣ ምንም ሰበብ የለውም። ሞንትሪያልን ግን ከእነሱ ስለለየህልኝ አመሰግንሃለሁ። ብዙ ሰው "ሦስት ኦሊምፒክ ደርግ አስቀረን" ብሎ ያልፈዋል።

ሰዉ የረሳው ነገር አለ። በአፍሪካ ስፖርት አፓርታይድን መታገል የጀመረው ከደርግ ብዙ ቀድሞ ነው። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ዋንጫ ወጣች። ካርቱም ላይ የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ናቸው። ይድነቃቸው ተሰማ ያኔም ነበሩ፤ በኋላም ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስከ ሞቱ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ንጉሡም ወረዱ፣ ደርግም መጣ፣ እሳቸው በዚህ ጉዳይ አቋማቸው አልተነቃነቀም።

ደግሞ መቅረት ይሠራል። በ1966 የዓለም ዋንጫ ላይ አፍሪካ በሙሉ አልሳተፍም አለ፤ ፊፋ አንድ የራሳችን ቦታ ስላልሰጠን። በ1970 ቦታው ተሰጠን፣ ሞሮኮ ሄደች። ከሞንትሪያል በኋላም የኮመንዌልዝ አገሮች በ1977 ግሌንኢግልስ ላይ ተሰብስበው ከአፓርታይድ ጋር የስፖርት ግንኙነት እንዳይኖር ተስማሙ። ያ ስምምነት ከሰማይ አልወረደም። በሞንትሪያሉ ክረምት ሻንጣቸውን ይዘው የተመለሱ አትሌቶች አሉበት።

በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን እጅ ይዛ ሜዳውን ስትዞር አይታችሁታል? ደቡብ አፍሪካ ከ1960 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችበት ኦሊምፒክ ነው። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር፣ ከአፍሪካ ሁለት ጫፍ። ያ ዙር እንዲዞር አንድ ሰው ሞንትሪያል ላይ መቅረት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ጋሽ ታዬ መርካቶ

ልጆች፣ እግዜር ይስጣችሁ። ሰናይት ልጄ ያልሽው እውነት ነው። ግን የቀረው "አንድ ሰው" ስም አለው። ምሩፅ ይፍጠር ይባላል።

እኔ ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ። ምሩፅ በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘ፤ 5 ሺህውን ሰዓት አልፎበት ሳይሮጥ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ቀጣዩን ኦሊምፒክ ጠበቀ። ቀጣዩ ሞንትሪያል ነው። የፊንላንዱ ቪረን ሁለቱንም ርቀት ወሰደ። ምሩፅ በ1977 እና በ1979 በአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ ውድድር ሁለቱንም ርቀት፣ ሁለቱንም ጊዜ አሸንፏል። እንግዲህ አስቡት።

የሞስኮው ሩጫ ሲተላለፍ ሰፈራችን አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተኮልኩለን በሬዲዮ ነው የሰማነው። ባለቤቱ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አውጥቶ አስቀመጠልን። የ10 ሺህ ሜትሩ የመጨረሻ ዙር ሲደርስ ትንፋሹን የሳበ ሰው የለም። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ 300 ሜትር ሲቀረው ወጣ ሲባል ጎረቤታችን ብርጭቆውን ለቀቀው፤ ሻዩ እግሬ ላይ ፈሰሰ፣ ማንም አላየውም። ምሩፅ አንደኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ። ቪረን ከቶሎሳ ኋላ አምስተኛ ገባ። ከዚያ 5 ሺህውንም ደገመው።

ያን ቀን ደርግን የሚጠላውም የሚወደውም እኩል ነው ያለቀሰው። ማታ ግን ድሉ "የአብዮቱ ድል" ሆኖ ተነገረ። ይህ ነው የሚያመኝ። ሲያስቀሩትም አልጠየቁት፣ ሲያሸንፍም ወሰዱበት። ምሩፅ በመጨረሻ ከአገሩ ወጥቶ ካናዳ ኖረ፤ በ2016 ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ።

የካታንጋ ልጅ

ጋሽ ታዬ፣ እንዲህ ያለ ትዝታ ስላካፈሉን ዕድሜ ይስጥልን። አንድ ነገር ልጨምር። በሞስኮ ጊዜ የቀሩት ደግሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ኬንያ ከአሜሪካ ጋር ቀረች። ሄንሪ ሮኖ በ1978 በሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው። ሞንትሪያል በአፍሪካ አድማ ቀረበት፣ ሞስኮ በአሜሪካ አድማ ቀረበት። ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ኖሮ ሞተ። ምሩፅና ሮኖ በአንድ ኦሊምፒክ ተገናኝተው ቢሆን የሚለውን ሳስብ ያመኛል።

አቤል_22

እኔ ልለይ። ስለ ሞንትሪያል ሁላችሁም በኩራት ታወራላችሁ። ግን የወሰነው ማን ነበር? ደርግ ነው። ለሶዌቶ ተማሪዎች ብሎ አትሌት አስቀርቶ፣ ዓመት ሳይሞላ በቀይ ሽብር የአዲስ አበባን ተማሪ መንገድ ላይ የጣለ መንግሥት። መርህ ያለው ሰው እዚያም እዚህም መርህ አለው። ስለዚህ ያንን ውሳኔ እንደ ክብር መቁጠር ይከብደኛል።

የማሞ ወልዴንስ ነገር ማን ያነሳል? በ1968 ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ወርቅ ያመጣ ሰው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በቀይ ሽብር ግድያ ተጠርጥሮ ወደ 9 ዓመት ገደማ ታሰረ። እሱ አልገደልኩም እንዳለ ነው። በ2002 ተፈታና በዚያው ዓመት በወራት ውስጥ ሞተ። አንዱ መንግሥት ያስታጥቀዋል፣ ሌላው ያስረዋል። ወታደርም ሯጭም ሲሆን የሁሉም መንግሥት ዕዳ ይደራረብበታል።

ሰናይት ለ.

አቤል፣ በቀይ ሽብር ያልከው ላይ የምከራከርበት አፍ የለኝም፤ ቤተሰቤ ውስጥ ገብቷል። ግን ሞንትሪያልን የወሰነው ደርግ ብቻ አይደለም። ታንዛኒያ አለች፣ ናይጄሪያ አለች፣ አህጉሩ አለ። አንድ ጨካኝ መንግሥት ትክክል የሆነ ነገር ላይ አብሮ ስለቆመ ነገሩ ስህተት አይሆንም። የሶዌቶ እናት ማን ከጎኗ እንደቆመ ስትቆጥር የእያንዳንዱን መንግሥት ገበና አትመረምርም።

ድሬ ኳስ

የድሮውን ታሪክ ወድጄዋለሁ። አሁን ግን ፖለቲካው ያለው ኦሊምፒክ ላይ ሳይሆን በጀት ላይ ነው። የፕሪሚየር ሊጉን ክለቦች ስም አንብቡ። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ባህር ዳር ከተማ። ከተማ ማለት ከተማ አስተዳደሩ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ባንክ፣ መድን፣ መብራት፣ መከላከያ። ራሱን በደጋፊው የሚያስተዳድር ክለብ ስንት ነው? ጊዮርጊስንና ቡናን ትጠራላችሁ፣ ከዚያ ዝም።

ይህ ምን ማለት መሰላችሁ? ከንቲባው ሲቀየር የክለቡ ቦርድ ይቀየራል። ቦርዱ ሲቀየር አሠልጣኙ ይባረራል። ለውኃና ለመንገድ የተያዘ ገንዘብ ወደ ፊርማ ክፍያ ይሄዳል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ እጁን ያወጣል፣ ምክንያቱም ቡድኑ ከወረደ ሕዝቡ ይቆጣል። እኔ ለአንድ የከተማ ክለብ ለተወሰነ ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ስሙ ይቅር። ተጫዋቾቹ ለወራት ደሞዝ አልተከፈላቸውም ነበር። አንድ ቅዳሜ ልምምድ አንሠራም ብለው መልበሻ ክፍል ቁጭ አሉ። ከአስተዳደሩ አንድ ኃላፊ መጣ። ስለ ደሞዙ ይናገራል ብለን ስንጠብቅ "ነገ እንግዶች ስላሉብን ማሸነፍ አለባችሁ" ብሎ ወጣ። የሰባት ቁጥሩ ልጅ የታሰረ ጫማውን ፈቶ መልሶ አሰረው። በማግስቱ ተጫወቱ፣ አሸነፉም። ገንዘቡ የመጣው ሌላ ወር አልፎ ነው።

ተመስገን ጎ.

ድሬ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ከገንዘቡ የባሰው ክለቡ የብሔር ባንዲራ መሆኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ወልዲያ ላይ ከመቀሌ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ሳይጀመር ከተማው ውስጥ ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ። በኳስ! ከዚያ በኋላ የሁለቱ ክልል ክለቦች ሲገናኙ በገለልተኛ ሜዳ መጫወት መጣ። ፖለቲከኞቹ ቢሮ ውስጥ የሚባባሉትን ደጋፊው ስታዲየም ውስጥ ነበር የሚዘፍነው። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው መቀሌ 70 እንደርታ ነው። በጦርነቱ ምክንያት እሱም፣ ወልዋሎም፣ ስሑል ሽረም ከሊጉ ጠፉ። የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ መሃል ስንት የ20 ዓመት ልጅ የመጫወቻ ዕድሜው አለፈ?

አወያይ

በተመስገን መልስ ሥር የተጻፉ ሁለት አስተያየቶች ተነስተዋል። ክለብ እየጠሩ ብሔር መስደብ እዚህ አይፈቀድም። ውይይቱ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ።

ድሬ ኳስ

ተመስገን፣ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጨዋታው በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ክለቦቹ በሙሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ። ለቴሌቪዥኑ ካሜራ ተብሎ ነው። ግን በአውቶቡስ ተጭኖ የሚሄደው ደጋፊ ቀረ፣ ድንጋይ መወራወሩም ቀነሰ። መንግሥት በጉባኤ ያልፈታውን የካሜራ ውል አረገበው። ጉዳቱም ግን አለ፤ የአርባ ምንጭ ልጅ የራሱን ክለብ በራሱ ሜዳ የሚያይበት ጊዜ አጠረ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። "መንግሥት ገንዘቡን ስለሚሰጥ ነው" ለምትሉ የእኛን ልንገራችሁ። እዚህ መንግሥት አንድ ሳንቲም የለበትም። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ ውድድር ያዘጋጃል። ሰው ከየስቴቱ ይመጣል። ኳሱ አንድ ነገር ነው፤ ክትፎው፣ የባህል ልብሱ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገናኘው የክፍል ጓደኛ ሌላ።

እዚያም ፖለቲካው ገብቶ ከፈለን። በ2012 ፌዴሬሽኑ ለሁለት ተሰንጥቆ በአንድ ሰሞን በሁለት ከተማ ሁለት ውድድር ተደረገ። አንዱ የአንድ ትልቅ ባለሀብት ድጋፍ ነበረው። የት እንደሄድክ የሚጠይቅህ ሰው ማንን እንደምትደግፍ ነበር የሚጠይቅህ። የኛ ቡድን በረኛ ወንድሙ ወደ ሌላኛው ስለሄደ ለሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። በ2018 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ዳላስ ላይ ተገኝተው ለመናገር ጠየቁ፤ ቦርዱ አልተቀበለውም። ያኔ ሰዉ ለእሳቸው የነበረውን ስሜት ታስታውሳላችሁ። ቦርዱ ላይ የወረደው ስድብ ጉድ ነበር። እኔ ግን ያኔም ልክ ናቸው አልኩ፣ አሁንም እላለሁ። መድረኩን ለአንድ ባለሥልጣን ከከፈትክ ለሚቀጥለው በምን ትዘጋዋለህ?

ሊድያ ወ.

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ፈይሳ ሌሊሳ። ሪዮ 2016፣ ማራቶን፣ ሁለተኛ። መስመሩን ሲያልፍ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞና ግድያ በነበረበት ጊዜ ነው። የመንግሥት ቴሌቪዥን ያቺን ቅጽበት በድጋሚ አላሳየንም። ፈይሳ አገሩ ሳይመለስ አሜሪካ ከረመ፤ በ2018 ጥቅምት ነው የተመለሰው።

የክሩ ጥያቄ "ዋጋውን የከፈለው ማን ነው" አይደል? እሱም ከፍሏል። ግን እዚህ ወሳኙም ከፋዩም አንድ ሰው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው ለእኔ።

አቤል_22

ሊድያ፣ ፈይሳን አከብራለሁ። ግን የኦሊምፒክ ቻርተሩ አንቀጽ 50 ሜዳ ላይ የፖለቲካ ምልክት የሚከለክለው ያለ ነገር አይደለም። የምንወደውን ምልክት ከፈቀድን የምንጠላውንም መፍቀድ አለብን። ነገ አንዱ የሚያቆስልህን ምልክት ይዞ ቢገባ ምን ትላለህ? ያኔ ኦሊምፒክ የሩጫ ቦታ መሆኑ ይቀራል።

ሊድያ ወ.

እቆስላለሁ። ቆስዬም ቢሆን ይግባ እላለሁ። አትሌቱ በራሱ ስም፣ በራሱ እጅ፣ የራሱን ዕጣ ይዞ ነው የገባው። ቢሮ የተቀመጠ ሰው በሌላ ሰው እግር ሲናገር ነው እኔ የምቃወመው። ደንቡ ደግሞ እኩል አይመዝንም። መሪዎች በክብር ትሪቡን ተቀምጠው ሲጨበጨብላቸው ፖለቲካ አይባልም፤ ሯጩ እጁን ሲያነሳ ይባላል።

ተመስገን ጎ.

ፊፋም እንደዚያው ነው። "መንግሥት ጣልቃ አይግባ" ይላል። በ2008 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የእኛ ፌዴሬሽን ውስጥ አመራሩ ማን ነው በሚል ጠብ ፊፋ አገደን፤ ከ2010 የዓለም ዋንጫና ከአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ተባረርን። የተጫወትናቸው ጨዋታዎች ተሰረዙ። እዚያም የተጣሉት ባለሥልጣናት ናቸው፤ የቀሩት ተጫዋቾቹ። ስታዲየሙንም ጨምሩበት። እያንዳንዱ ክልል ትልቅ ስታዲየም ጀመረ፣ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፣ ፎቶ ተነሳ። በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ "በሜዳችን" የተጫወትነው የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ካፍ የእኛን ሜዳዎች ብቁ አይደሉም ብሎ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡትን ጎል አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ላይ ቆሞ ያየ ሰው የለም።

የካታንጋ ልጅ

ተመስገን፣ ያቺ ጨዋታ እኔንም እስካሁን ታበሽቀኛለች። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ሁሉም በዚያን ቀን ባዶ ነበሩ።

አቤል፣ በሞንትሪያል ላይ ያልከውን ደጋግሜ አሰብኩበት። እኔ አሁንም መቅረታችን ልክ ነበር እላለሁ። ግን ልክ የሆነ ውሳኔም ዕዳ አለው። ለአህጉሩ ተብሎ የአራት ዓመት ሥራው የተወሰደበት አትሌት ካሳ ይገባው ነበር። ቢያንስ ተጠርቶ "ከአንተ የወሰድነው ይህ ነው" ሊባል ይገባው ነበር። ለሎስ አንጀለስና ለሴኡል ደግሞ ይቅርታ። ከበደ ባልቻ በ1983 ሄልሲንኪ ላይ በመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ብር አመጣ፤ በዓመቱ ሎስ አንጀለስ አልሄደም። እሱን ስሙን እናውቃለን። ለእነዚያ ሦስት ኦሊምፒኮች ሲዘጋጁ የነበሩትን ሌሎቹን፣ ቦክሰኞቹን፣ ብስክሌተኞቹን፣ ማን ያውቃቸዋል? ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ካሉ አዛውንት ናቸው። የእኛ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ስማቸውን ሰብስቦ፣ ያሉትን ጠርቶ፣ በክብር ማስቀመጥ ይችላል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጋሽ ታዬ መርካቶ

የካታንጋ ልጅ፣ ይህን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። የብስክሌት ቡድኑ ውስጥ የነበረ አንድ የሰፈሬ ሰው አለ። አስመራ ተወልዶ እዚህ ያደገ። እስካሁን ስለ 1976 አንስቶ አይጠግብም። እንደሚያናግራችሁ እጠይቀዋለሁ።

ሰናይት ለ.

እኔ ለሥራ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) እመላለሳለሁ። የዚያን ጊዜ የአዲስ ዘመን ቅጾች እዚያ አሉ። ከሰኔ 1968 ዓ.ም. (ከሞንትሪያል ዋዜማ) እትሞች ጀምሬ የተመራጮች ስም የወጣበትን ገጽ እፈልጋለሁ። ያገኘሁትን እዚሁ ክር ላይ እለጥፋለሁ። ለሎስ አንጀለስና ለሴኡል የ1976 እና የ1980 ዓ.ም. እትሞችንም አያለሁ። የዚያን ጊዜ የክልል ጋዜጣ ያለው ሰው ካለ ያሳውቀኝ፣ በተለይ ከድሬዳዋና ከአስመራ።

ድሬ ኳስ

ሰናይት፣ የድሬውን ለእኔ ተዪው። ለገሃር አካባቢ የድሮ የባቡር ስፖርት ክለብ ሰዎች አሁንም ይሰበሰባሉ። እሁድ ሄጄ እጠይቃለሁ።